አሥራ አንዱና አምስት ሺሁ

ኮሎምበስ ውስጥ ፓርሰንስ ጎዳና ላይ ቁጥር 240 የሆነው ትልቅ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1874 ሲሠራ የኦሃዮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ዛሬ የከተማው የጤና መምሪያ ነው። ከዚህ ወደ ምሥራቅ፣ ብሮድ እና ሜይን የሚባሉትን ጎዳናዎች ተከትሎ የተዘረጋው ሰፈር ኒር ኢስት ሳይድ ይባላል።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አንድ ጠዋት የክትባት ክፍሉ ወንበሮች ላይ ሁለት ኢትዮጵያውያን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ሰባውን ያለፉ፣ ዕድሜያቸውን ወሎ ውስጥ በሳኒቴሪያንነት የፈጁ የደሴ ሰው ናቸው፤ አሁን የሚኖሩት ልጃቸው ዘንድ ነው። ሌላዋ የልጃቸው ጎረቤት፣ ሥራዋም ነርስነት ነው። የጉንፋን ክትባት ልታስወጋቸው አምጥታቸዋለች። መርፌው ካለቀ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲቆዩ ተነግሯቸዋል። ጨዋታው ግን ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ወሰደ።

«በእኛ ጊዜ የተከተበ ሰው የሚያርፍበት ወንበር አልነበረም» አሉ ሽማግሌው ዙሪያውን እያዩ። «ዛፍ ሥር ነበር።»

«እዚህ ወንበር ሞልቷል፣ ጋሼ። የጎደለው ሰው ነው።»

«የቱ ሰው?»

«ባለፈው ማርች መጨረሻ ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ለክፍላተ ግዛትና ለከተሞች መድቦት የነበረውን 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የጤና ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሰረዘው። ለኮቪድ የመጣ ነው፣ ኮቪድ ደግሞ አልፏል ተባለ። ይሄ መምሪያም ተላላፊ በሽታ ላይ የሚሠሩ 11 ሠራተኞቹን አሰናበተ።»

«አሥራ አንድ ብቻ?»

ጥያቄያቸው ፌዝ አልነበረውም። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ዋሽንግተን የውጭ እርዳታዋን ስታቆም፣ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 የጤና ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። ኤችአይቪና ሌሎች በሽታዎች ላይ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ሽማግሌው ዜናውን የሰሙት ከአገር ቤት በስልክ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ለመወዳደር ሩቅ ይመስላሉ፤ የተቆረጡት ግን ከአንድ ከተማ በወጣ ውሳኔ፣ በአንድ ወቅት ነው።

«እስቲ አሥራ አንዱ ምን ይሠሩ እንደነበር ንገሪኝ» አሉ።

ነርሷ በቀጥታ አልመለሰችም። ወደ ኩፍኙ ወሰደቻቸው።

«እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2022 ኮሎምበስ ውስጥ ኩፍኝ መነሳቱ ይፋ ሆነ። እስኪቆም ድረስ 85 ሰው ታመመ፤ ብዙዎቹ ገና አንድ ሁለት ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። 36ቱ ሆስፒታል ተኙ።»

«የሞተስ?»

«አንድም የለም። የተከተቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የቀሩት ጨርሶ ያልተከተቡ ነበሩ። እዚህ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ወር ባለው ጊዜ ነው የሚሰጠው።»

«እኛ ዘንድ በዘጠኝ ወር ነው፤ ቀጥሎ በአሥራ አምስት።»

«አዎ፣ እናንተ ጋ በሽታው ስለሚፈጥን። እዚህ ደግሞ ወላጅ ‹ትንሽ ይደግ› እያለ ያቆየዋል። ኦቲዝም ያመጣል የሚለውን ወሬ ሰምተዋል መቼም?»

ሰምተዋል። ወሬው እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ‹ላንሴት› በተሰኘው መጽሔት ካወጣው ጽሑፍ የተነሣ ነው፤ መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፣ ሐኪሙም ፈቃዱን ተነጥቋል። ይሁንና በ2017 ሚኒሶታ ውስጥ 75 ሰው በኩፍኝ ሲያዝ አብዛኞቹ ትውልደ ሶማሌ ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸውን ያስፈራው ይኸው የተሰረዘ ጽሑፍ ነው። የአበሻው ቤትም ከዚህ ወሬ የጸዳ አይደለም። ነርሷ በየልደቱና በየክርስትናው ግብዣ ላይ ስትከራከርበት ከርማለች።

«ኩፍኝ እንዴት እንደሚይዝ ለእርስዎ አልነግርም» ብላ ቀጠለች። «የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ተሐዋሲው እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ማስያዝ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ልጅ ታመመ ሲባል ባለፉት ቀናት የዋለበት መዋያ፣ የገባበት ሱቅ፣ የተቀመጠበት ክሊኒክ ሁሉ ይጠየቃል። አብሮት ማን ነበር? ተከትቧል ወይስ አልተከተበም? ያልተከተበው 21 ቀን ቤቱ ይቆያል። እየደወሉ ‹ትኩሳት አለው? ወተት አላችሁ? አሠሪሽ ፈቃድ ሰጠሽ?› ማለት አለ። ይሄንን ማሽን አይሠራውም።»

«ንክኪ ልየታ።»

«እሱው ነው። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2023 አበቃ ተባለ። አዲስ በሽተኛ ሳይታይ 42 ቀን ማለፍ ነበረበት።»

«ሁለት ጊዜ ሃያ አንድ» አሉ ሽማግሌው፤ ቁጥሩን እንደ ድሮ ወዳጅ ነው ያነሡት።

ከዚህ በኋላ ተራው የእሳቸው ሆነ። የፈንጣጣን ማጥፋት ዘመቻ ኢትዮጵያ የጀመረችው በጥር 1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ እሳቸው ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ ከተቀጠሩት ወጣት ሳኒቴሪያኖች አንዱ ነበሩ። ዘመቻውን በዓለም ደረጃ ይመራ የነበረው ዶናልድ ሄንደርሰን የተወለደው እዚሁ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ ሌክውድ በምትባል ከተማ መሆኑን ከነርሷ ሲሰሙ ሽማግሌው ሳቁ። በሚያውቁት ሰው አገር መኖራቸውን የዚያን ዕለት ነው ያወቁት።

«ዘመቻው ሲጀመር አገሪቱ በዓመት ሪፖርት የምታደርገው ጥቂት መቶ በሽተኛ ነበር» አሉ። «በመጀመሪያው ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ተገኘ።»

«በሽታው ጨምሮ?»

«ፈላጊ መጥቶ። የታመመ ልጅ ሥዕል ያለበት ካርድ ይሰጠናል፤ በእግር፣ በበቅሎ ገበያ ለገበያ፣ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እንዞራለን። ‹እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል?› እንላለን። የሚደብቅ አለ፤ እምቢ የሚል አለ፤ በዱላ ያባረረንም አለ። ከቄሱና ከጭቃ ሹሙ ጋር ሳትነጋገሪ መርፌ ካወጣሽ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። የመጨረሻው በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። አብዮት ነበር፣ ጦርነት ነበር፣ ሄሊኮፕተር ሳይቀር ተጠልፎብናል። ግን አለቀ።»

ነርሷ ዝም ብላ ሰማች፤ ቀጥሎ የጠየቀችው ጥያቄ ግን እንደ ሥራ ባልደረባ ነበር። «ከዘመቻው በኋላስ እናንተ የት ሄዳችሁ?»

«ወደ ጤና ጣቢያችን ነዋ! የመጣነውም ከዚያ ነው።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስላል። የፈንጣጣው ዘመቻ ገንዘብ የውጭ ነበር፤ አብሯቸው የሚዞረው የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣትም የውጭ ነበር። ሳኒቴሪያኑ ግን ከዘመቻው በፊት የተማረ፣ ከዘመቻውም በኋላ ደመወዝተኛ ሆኖ የሚቀጥል ሰው ነው። ያስተማረው ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ከአንድ መቅሠፍት ማግሥት ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ወባ የደምቢያን ሜዳ ሕዝብ ክፉኛ ጨርሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አገዙ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድ ላይ ተምረው፣ በአንድ ቡድን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ያደገ ነው።

«ስለዚህ የአሜሪካ ገንዘብ ያኔም ነበረ» አለች ነርሷ።

«ነበረ እንጂ። ያኔ ትምህርት ቤት ተገዛበት። አሁን የዓመት ውል ተገዛበት። ውል ያልቃል፤ ማለቂያውም ተጽፎበት ነው የሚፈረመው።»

«ኮቪድ ሲመጣ እኮ ጊዜ አልነበረም፣ ጋሼ። ማርች 2020 ላይ ትምህርት ቤት ይከፈት ይባል ነበር?»

«አይባልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ያስቸገረኝ። ገንዘቡ መከራው ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ ይሄዳል። በመሐል ያለው ጸጥ ያለ ዘመን የማን ነው? ሰው የሚሠለጥነው በዚያ ጊዜ ነው።»

በዚህኛው የሽማግሌው ጥያቄ ላይ አሜሪካም ጥሩ መልስ የላትም። አሶሺየትድ ፕሬስና የካይዘር ጤና ዜና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 አብረው ባሳተሙት ምርመራ፣ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ ቢያንስ 38,000 የክፍላተ ግዛትና የከተማ የሕዝብ ጤና የሥራ ቦታዎች ጠፍተዋል። ወረርሽኙ ሲመጣ የተገኘው ቢሮ ብዙ ወንበሩ ባዶ የሆነ ነው። ቢሊዮኖቹ የፈሰሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰው ተቀጠረ፣ ሠለጠነ፣ ሥራውን በለመደ ማግሥት ተሰናበተ።

«እናንተ ጋ ግን የጤና ኤክስቴንሽን አለ» አለች ነርሷ። እሷ ከአገር ስትወጣ ፕሮግራሙ ገና ዳዴ እያለ ነበር። «እዚህ ኮንፈረንስ ላይ እንኳ ስሙ ይነሣል።»

ሽማግሌው በዚህ አንጀታቸው ራሰ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር እሳቸው የወረዳ ኃላፊ ነበሩ። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ በመንግሥት ደመወዝ የሚቀጠሩ። 16 የሥራ ዘርፍ ይሰጣቸዋል፤ ከመፀዳጃ ቤት ጉድጓድ እስከ ክትባት፣ ከወባ እስከ ቤተሰብ ምጣኔ። ቁጥራቸው ከ38 ሺህ በላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ልደታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆኗል። ሙሉ ምስጋናው የኤክስቴንሽኗ ብቻ ባይሆንም ያለ እሷ አይታሰብም።

«ኮቪድ አዲስ አበባ ላይ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ» አሉ፣ «የገጠሩን ቤት ማንኳኳት የሚችል ማን ነበረ? እሷ ናት። አዲስ ሰው መቅጠር አላስፈለገም።»

«በዚያ ሁሉ ሥራ ላይ ሌላ ተጨመረላታ!»

«እሱስ እውነት ነው።»

«እውነት ብቻ አይደለም፣ ጋሼ፣ በደል ነው። ደመወዟ አነስተኛ፣ እድገቷ የዘገየ፣ ስብሰባው የሷ፣ የምርጫ ቅስቀሳው የሷ። የአክስቴ ልጅ ከእነሱ አንዷ ነበረች፤ በስንት ዓመቷ ትታ ወደ ዐረብ አገር ሄደች። የምትመኩበት ሥርዓት የቆመው በነዚህ ሴቶች ወገብ ላይ ነው።»

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ይልቅ ራሳቸው የባሰውን አመጡት። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደሴ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሳለች ሪፈራል ሆስፒታሉ ተዘርፏል። በላሊበላም እንዲሁ። ከዚያ በፊት ትግራይ ውስጥ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. ካያቸው 106 የጤና ተቋማት መካከል 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው ነበር፤ በወጉ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። አሁንም ዐማራ ክልል ውስጥ ሰላም ስለሌለ መድኃኒት የጫነ መኪና እንደ ልቡ አይሄድም።

«ሠላሳ ዓመት የገነባነው በሳምንት ፍሪጁ ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ» አሉ። «ኤክስቴንሽኗ ግን የቀበሌዋ ልጅ ናት። ኬላው ቢዘረፍም የትኛዋ እናት እርጉዝ እንደሆነች ታውቃለች። መዝገቡ ጠፍቶ እሷ አለች።»

«ከተረፈች።»

«ከተረፈች» አሉ እሳቸውም።

አሥራ አምስቱ ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል። ወጥተው በመኪና ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ ነርሷ በመስኮት እያሳየች ታወራ ጀመር። መሐል ከተማውንና ይህን ሰፈር የለየው አውራ ጎዳና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢንተርስቴት 71 እና 70 ሲሠሩ የጥቁሮችን መንደሮች ሰንጥቀው አልፈዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ካርታ ላይ በቀይ ቀለም ተከብበው ባንኮች ብድር የከለከሏቸው ብሎኮች ናቸው። በማውንት ቨርነን ጎዳና አቅራቢያ የነበረው ፖይንዴክስተር ቪሌጅ የተባለ የመንግሥት መኖሪያ መንደር በ1940 ሲመረቅ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መጥተዋል፤ በ2013 ከሁለት ሕንፃ በቀር ፈረሰ።

«ይሄ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» አሉ ሽማግሌው።

«ካርታው ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከተማው ‹ሰለብሬት ዋን› የሚል ፕሮግራም አቋቋመ፤ በካውንቲው በዓመት 150 ገደማ ሕፃናት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ስለነበር። ሞቱ የሚበዛባቸው ተብለው ከተለዩት ስምንት ሰፈሮች አንዱ ይሄ ነው። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ዘረኝነትን የሕዝብ ጤና ቀውስ ብሎ አወጀ። አዋጁን ወረቀት ነው የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ቢያንስ አድራሻውን በትክክል ጽፎታል እላለሁ። ወረርሽኝ ሲመጣ ቀድሞ የሚያንኳኳው በነበረው ስንጥቅ ነው።»

«ሐኪም ቤትስ?»

«አለ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኢስት ሆስፒታል እዚሁ ነው። ፕራይመሪ ዋን የሚባለው ክሊኒክም ሜይን ጎዳና ላይ አለ፤ ገንዘብ የሌለውን በአቅሙ ያስከፍላል። ችግሩ ከቤት እስከዚያ ያለው መንገድ ነው።»

«ታዲያ ኤክስቴንሽን አታስቀምጡም?»

«አለን! ‹ኮሚዩኒቲ ኸልዝ ወርከር› ነው የምንላት፤ ምስክር ወረቀቷን የሚሰጠው የኦሃዮ የነርሶች ቦርድ ነው። ከዚህ በስተሰሜን አንድ ሰዓት ያህል የምትርቅ ማንስፊልድ የምትባል ከተማ አለች። ሳራና ማርክ ሬዲንግ የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች አላስካ ሲሠሩ መንደር ውስጥ የሚያገለግሉ የጤና ረዳቶች አይተው ያንን ማንስፊልድ ላይ ሞከሩት። እርጉዟን ቤቷ ሄዶ ማየት፣ ቀጠሮ ማስያዝ፣ ማጓጓዝ። ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት ቁጥር ቀነሰ፤ አሁን በብዙ ክፍላተ ግዛት ይሠራበታል። ግን ክፍያው በተጠናቀቀ ጉዳይ ነው፤ ድርጅቱም ገንዘቡ ካለቀ ይዘጋል። እናንተ ጋ ሥራው በዝቷል፣ እኛ ጋ ደመወዙ ይንሳፈፋል።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ሥልጣንስ? እኔ ኮሌራ ሲነሣ የወንዝ ውኃ እንዳይቀዳ ማዘዝ እችል ነበር።»

ነርሷ ፊት ለፊት ወዳለው መንገድ ጠቆመች፤ ብሮድን ይዞ ቢነዳ ቤክስሊ ይደረሳል። የኦሃዮ ጤና መምሪያ ዳይሬክተር የነበረችው ዶክተር ኤሚ አክተን የምትኖረው እዚያ ነበር። በማርች 2020 መጀመሪያ፣ በኦሃዮ አንድም በሽተኛ ገና ሳይመዘገብ፣ በየዓመቱ ኮሎምበስ የሚካሄደውን የአርኖልድ ሽዋዚንገር የስፖርት ፌስቲቫል ያለ ተመልካች እንዲሆን ካስወሰኑት አንዷ ናት። ያኔ ብዙው ሰው አመሰገናት። በሜይ ደጃፏ ላይ ሰልፈኛ ቆመ፤ አንዳንዱ መሣሪያ ታጥቋል። በጁን ሥራዋን ለቀቀች። በማርች 2021 ደግሞ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች የገዢውን የማይክ ዴዋይን ተቃውሞ በድምፅ ሽረው፣ የጤና ትእዛዝ መሰረዝ የሚያስችላቸውን ሕግ አጸደቁ። የአካባቢ ጤና ቦርዶችም ሥልጣናቸው ጠበበ።

«ትእዛዝ ከሌለ የሚቀረው መተማመን ነው» አለች። «መተማመን ደግሞ ሰው ይፈልጋል፤ ያው የተሰናበተውን።»

«አንድም ደስ የሚል ነገር አልነገርሽኝ ዛሬ።»

«አለ! ለሳኒቴሪያን የሚሆን። ከ2020 ጀምሮ ኦሃዮ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውኃ እየወሰደች ትመረምራለች። ሰው ሳይመረመር በየከተማው ተሐዋሲው እየጨመረ መሆኑ ከሽንት ቤት ይታወቃል።»

ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። አርባ ዓመት የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ማንም ያላከበረላቸው ሙያ እዚህ ላቦራቶሪ ገብቷል።

ከቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ ግን ወደ አሥራ አንዱ ተመለሱ። «ምን ሆኑ በመጨረሻ?»

«ኮሎምበስ፣ ሂዩስተን ያለበት ሃሪስ ካውንቲ፣ ናሽቪልና ካንሳስ ሲቲ አንድ ላይ ሆነው በኤፕሪል የፌዴራሉን መንግሥት ከሰሱ። በጁን ዋሽንግተን ያለው ዳኛ ለአራቱ ለጊዜው ፈረደላቸው፤ ገንዘቡ አይቋረጥባቸው አለ። ክስ ግን ክስ ነው። እኔን ከጠየቁኝ በፍርድ ቤት የሚመለስ ገንዘብ ላይ ሰው አይቀጠርም። ከተማው ከደመወዛችን ሁለት ተኩል በመቶ ይወስዳል፤ በ2009 በዚያ ሁሉ የሥራ ማጣት መሐል ሕዝቡ ራሱ ከሁለት ወደ ሁለት ተኩል ይደግ ብሎ ድምፅ ሰጥቷል። ከዚያ ላይ አሥራ አንድ ደመወዝ ቋሚ ሆኖ ቢጻፍ ከተማው አይደኸይም።»

«እኛም ጋ የማኅበረሰብ ጤና መድህን እንዲህ ነው የተጀመረው። ገበሬው በ2003 ዓ.ም. ‹ሳልታመም ልክፈል?› ሲለን ነበር። አሁን ራሱ ይጠይቃል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አይደለም። መድኃኒት ባለበት ጤና ጣቢያ ይጠይቃል፤ ከፍሎ መድኃኒት ያጣ ዓመት ሳይሞላ ይተዋል።» በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡና መልሰው ተቀመጡ። «በጀቱን የሚያጸድቀው ማነው?»

«ምክር ቤቱ። ሰኞ ሰኞ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በአበሻ አቆጣጠር፣ ማዘጋጃ ቤት ይሰበሰባል። ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ተመዝግቦ መናገርም ይቻላል።»

«በአስተርጓሚ?»

«እኔ አለሁ።»

«የፊታችን ሰኞ ተረኛ ነሽ?»